ያረጀ መኪናዎ ሲንኳኳ፦ ከብሎኑ በፊት ቀዳዳውን ይዩ

ዕድሜ የጠገበ የቤተሰብ መኪና ያለው ሰው ሁሉ የመኪናውን ድምፅ ያውቀዋል። ሳሎን ተቀምጦ በር ላይ የደረሰው መኪና የአባቱ ይሁን የጎረቤት በድምፁ የሚለይ ልጅ በየቤቱ አለ። ኮብልስቶኑ ላይ ሲወጣ ከጣሪያ በኩል «ኳ ኳ»፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታውን ሲሻገር ከኋላ «ቀጭ ቀጭ»፣ ትንሽ ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ከፊት ለፊት «ዝዝዝ» ይላል። ለዚህ ሁሉ ብዙዎቻችን የምናውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ ማድረግ።

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ሞተር አይደለም። ከመኪናው ውጭ ታስረው፣ ተሰክተው ወይም ተጣብቀው ስለሚጓዙ ዕቃዎች ነው፤ ስለ ፖርቶመጋላ፣ ስፖኪዮ፣ ፓራውልት፣ ጭቃ መከላከያ ጎማ፣ ሰሌዳ፣ ከኋላ በር ላይ ወይም ከሥር ስለሚንጠለጠለው ተቀያሪ ጎማ። ሞተር ሲበላሽ መኪናው ይቆማል፤ መቆሙም ወደ ጋራዥ ያስኬደናል። እነዚህ ዕቃዎች ሲላሉ ግን መኪናው መሄዱን ይቀጥላል። ስለዚህ «ሲመቸኝ አሠራዋለሁ» እያልን ከክረምት ክረምት እናሻግራቸዋለን።

እኔ በሙያዬ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ የተማርኩትም ቢዝነስ ነው። ስለ መኪና የምጽፈው እንደ መካኒክ ሳይሆን የቤተሰቡን ወጪ እንደምትቆጥርና ልጆች ከኋላ ወንበር ላይ አስቀምጣ እንደምትጓዝ ሴት ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ የላላ ዕቃ ሦስት ጊዜ ያስከፍላል። የመጀመሪያው ራሱ ዕቃው ነው፤ ወድቆ ከጠፋ ወይም ከተሰበረ ሌላ መግዛት ግድ ነው። ሁለተኛው ዕቃው የታሰረበት ላሜራ ነው፤ የላላ ነገር ሁልጊዜ ቀለም ይፍቃል፣ የተፋቀ ቦታ ደግሞ ይዝጋል። ሦስተኛው በገንዘብ የማይተመን ነው፤ ከእኛ ኋላ የሚመጣው ሰው።

ይህን ሦስተኛውን በቁጥር እንየው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይሄዳል። በፈጣን መንገድ ላይ ከእኛ 30 ሜትር ርቆ የሚከተለን ባለ ሞተር ወይም ባለ መኪና ከጣሪያችን አንድ ነገር ቢወድቅ ለማሰብ ያለው ጊዜ አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የነፋስ ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አይጨምርም፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከተማ ውስጥ በ50 ሲነዱ ዝም ብሎ የሚቀመጠው ፖርቶመጋላ በ100 ሲነዱ የሚገጥመው ኃይል ሌላ ነው። «ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር፣ ምንም አልሆነም» የሚለው ማጽናኛ ለሰፈር መንገድ እንጂ ለሐዋሳ ጉዞ አይሠራም።

ለምን ይላላል?

ዋናው ምክንያት መንቀጥቀጥ ነው። የከተማችን የውስጥ መንገዶች ኮብልስቶን፣ ጉድጓድና ጉብታ የበዛባቸው ናቸው። ብሎንና ዳዶ የሚያያዙት ተጣብቀው ሳይሆን በጥርሳቸው እርስ በርስ ተጫጭነው ነው፤ መንቀጥቀጥ ያንን ጭነት በትንሽ በትንሹ ይቀንሰዋል። አንዴ መላላት ከጀመረ ደግሞ ራሱ ንቅናቄው መላላቱን ያፋጥነዋል።

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍ ባለ ቦታ ደግሞ የፀሐይ ጨረር ይበረታል። ውጭ የሚያድር መኪና ላይ ያለ ጎሚኒና ፕላስቲክ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ብሎኑ ሳይነካ ከሥሩ ያለው ጎሚኒ ሲሳሳ ክፍተት ይፈጠራል፤ ዕቃው መንኳኳት ይጀምራል።

ሦስተኛው ውሃ ነው። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ቀለሙን ከሥር እየገፋ ያሳብጠዋል፣ ከዚያ ይፈረካክሳል። አሉሚኒየምና ብረት ተነካክተው መሀላቸው እርጥበት ሲገባ ደግሞ አሉሚኒየሙ ይበላል። በፖርቶመጋላ እግር ዙሪያ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ካዩ ምክንያቱ ይህ ነው።

አራተኛው የቀድሞ ጥገና ነው። ያረጀ መኪና ብዙ እጅ አልፎበታል። አንዱ ባለቤት በሽቦ አስሮታል፣ ሌላው በሲሊኮን ደፍኖታል፣ ሦስተኛው ከልኩ የማይገጥም ብሎን በግድ አስገብቶበታል። ዛሬ የሚንኳኳው ዕቃ ብዙ ጊዜ የትናንት «ለጊዜው ይሁን» ውጤት ነው።

«ብሎኑ ምን አጠፋ?»

በዚህ ዓምድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይዘው እንዲሄዱ ብፈልግ ቀጥሎ የምነግርዎትን ነው።

የአባቴ መኪና ዕድሜው ከ25 ዓመት ያለፈ የቶዮታ ሚኒባስ ነው። እኔንና ወንድሞቼን ትምህርት ቤት ያመላለሰ፣ የሁለት ታላላቆቼን ሙሽራ ያጀበ፣ አሁን ደግሞ የልጅ ልጆችን የሚጭን መኪና ነው። ከእኛ በፊት የነበረው ባለቤት ፖርቶመጋላውን ያሠረው ጣሪያውን ሰርስሮ ነበር። ከአራቱ እግሮች አንዱ ሁልጊዜ ይላላል፤ አባቴም በየበዓሉ ቁልፍ ይዞ ወጥቶ ያጠብቀዋል። በቤታችን የገና ዋዜማ ሥራ ዝርዝር ውስጥ ዶሮ መግዛት አለ፣ ቄጤማ አለ፣ የፖርቶመጋላ ብሎን አለ።

ባለፈው ዓመት ለዘመድ ሠርግ ወደ ሐዋሳ ልንሄድ ስንዘጋጅ መኪናውን ወደ አንድ የሰፈር ባትላሜራ ወሰድነው። ሰውየው ፀጉራቸው የሸበተ፣ ብዙ የማያወሩ ናቸው። ብሎኑን ፈቱት፣ በጣታቸው መሀል አዟዟሩት፣ ጥርሱን በጨርቅ ጠርገው አሳዩኝ። እንደ አዲስ ነው። ከዚያ ቀዳዳውን በካቻቪቴ ጫፍ ጫን አደረጉት፤ ካቻቪቴው ያለ ምንም ድምፅ ላሜራው ውስጥ ገባ።

«ልጄ፣ ብሎኑ ምን አጠፋ?» አሉኝ። «ይዞት የቆመው ላሜራ ነው ያለቀው።»

አባቴ «በየበዓሉ እኮ አጠብቀዋለሁ» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ትንሽ ቅሬታ ነበረበት።

«እሱማ ጥሩ አድርገዋል ጋሼ» አሉት። «ግን ባጠበቁ ቁጥር የሚጠብቀው ዝገቱ ላይ ነበር።»

የበሰበሰው ቦታ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ እስኪበየድ፣ አንቲረስት ተቀብቶ እስኪደርቅ፣ ቀለም እስኪያዝ ሦስት ቀን ያስፈልግ ነበር። ሠርጉ ደግሞ ቅዳሜ ነው። ሰውየው «አንድ ሽቦ ላስርበትና ሂዱ» ማለት ይችሉ ነበር፤ አላሉም። አባቴ ጣሪያውን ቀና ብሎ እያየ ጥቂት ቆየ። ከዚያ «አውርዱት» አለ። ፖርቶመጋላው ጋራዥ ቀረ፣ ቀዳዳው ለጊዜው ተደፈነ፣ ሁለት ሻንጣ በወንድሜ መኪና ተጫነ፣ እናቴ ለሙሽራዋ እናት ያዘጋጀችውን ትልቅ መሶብ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሐዋሳ ደረሰች። ሰባት ሰው፣ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከጣሪያ ላይ አንድም ድምፅ ሳይሰማ።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ዕቃ ሲላላ የምጠይቀው ጥያቄ ተቀይሯል። «ብሎኑ ጠብቋል ወይ?» ሳይሆን «ብሎኑ የያዘው ነገር ደህና ነው ወይ?» ሆኗል።

የቅዳሜ ጠዋት ግማሽ ሰዓት

ለዚህ ፍተሻ መካኒክ አያስፈልግዎትም። መኪናው ታጥቦ ሲደርቅ፣ በቀን ብርሃን፣ ከፊት ተነሥተው በቀኝ በኩል ዙሩት። የሚያገኙትን ሁሉ በስልክዎ ፎቶ እያነሡ ይሂዱ። ልጆች ካሉ የእጅ ባትሪ መያዝ የእነሱ ሥራ ይሁን፤ ጎንበስ ብሎ ከሥር ማየት ለእነሱ ጨዋታ ነው።

እያንዳንዱን ዕቃ በሁለት እጅ ይያዙና ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቅነቅ ያድርጉ። በኃይል ሳይሆን ሕፃን ልጅ እንደሚነቀንቅ ያህል ነው። ከዚያ የሚያዩትን ከሦስቱ በአንዱ ይመድቡ።

አንደኛ፣ ብሎኑ ሲዞር የሚጠብቅና በዙሪያው ያለው ቀለም ደህና የሆነ። ይህ በእውነት የላላ ብቻ ነው፤ እርስዎ ቤት ውስጥ የሚጨርሱት ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ብሎኑ እየዞረ የማይጠብቅ ወይም ቀዳዳው የሰፋ፣ ፕላስቲኩ የተሰነጠቀ። እዚህ የብሎኑ ወይም የዳዶው ጥርስ ተበልቷል፣ አልያም ክሊፑ ተሰብሯል። ዕቃ መለወጥ ይፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ብሎኑን ሲነቀንቁ ላሜራው አብሮ የሚነቃነቅ፣ ቀለሙ ያበጠ ወይም በጣት ሲጫኑት የሚሰምጥ። ይህን አያጥብቁት፣ አይድፈኑትም። ባትላሜራ ያስፈልገዋል።

በጣሪያ ላይ ላሉት አንድ ተጨማሪ ምርመራ አለ። የውስጡን ጣሪያ ጨርቅ በእጅዎ ይዳብሱት። ቡናማ የውሃ ምልክት ካለ፣ ወይም ጠዋት በር ሲከፍቱ የእርጥብ ምንጣፍ ሽታ ከመጣ፣ ውሃው የገባው ብዙ ጊዜ ከላይ ካለ የብሎን ቀዳዳ ነው።

አንድ በአንድ

*ፖርቶመጋላ።* ከሁሉ በፊት የጭነቱን ልክ ይወቁ። የጣሪያ ጭነት ገደብ ከመኪናው ጋር በመጣው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ይገኛል፤ ለብዙ የቤት መኪኖች ከ50 እስከ 100 ኪሎ ግራም ባለው ውስጥ ነው። የፖርቶመጋላው የራሱ ክብደትም ከዚህ ውስጥ ይቆጠራል። አንድ ኩንታል ጤፍ 100 ኪሎ ነው። ከደብረ ዘይት ሲመለሱ ጣሪያ ላይ የሚጫነው ኩንታል ብቻውን ገደቡን ሊያልፍ እንደሚችል አስቡት፤ በዚያ ላይ ሁለት ከረጢት ከሰል አለ። ብሎኖቹን ፈትተው ከእግሩ ሥር ያለውን ጎሚኒ ይዩ፤ ከደረቀ በወፍራም ጎሚኒ ይተኩት። ከዚያ አራቱንም እግሮች በየተራ በትንሽ በትንሹ ያጥብቁ፤ አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው ከሄዱ ጭነቱ እኩል አያርፍም።

*ስፖኪዮ።* በብዙ የጃፓን መኪኖች ከፊት በር ውስጥ፣ በመስኮቱ የፊት ጥግ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ትንሽ ፕላስቲክ ሽፋን አለች። በጥንቃቄ ስትነሣ ስፖኪዮውን የያዙት ብሎኖች ይታያሉ፤ ብዙ ጊዜ 10 ቁጥር ቁልፍ ይበቃቸዋል። የሚነቃነቀው አካሉ ሳይሆን መስተዋቱ ብቻ ከሆነ ከጀርባው ያለው የፕላስቲክ መያዣ ተሰብሯል ማለት ነው። የሚንቀጠቀጥ ስፖኪዮ ከኋላ ያለውን ሞተረኛ ሁለት አድርጎ ያሳያል ወይም ጨርሶ አያሳይም፤ ስለዚህ ይህን ከውበት ጉዳይ አይቁጠሩት። ስፖኪዮ ሲያስፈቱ አጋጣሚውን ተጠቅመው የሰሌዳ ቁጥርዎን ያስጽፉበት፤ ሌባን ባያስቀር እንኳ ያሳስበዋል።

*ፓራውልት።* ፕላስቲክ ፓራውልት ከላይ በክሊፕ፣ ከጎንና ከሥር በብሎን ይያዛል። ጎኑ ወደ ውጭ ከወጣ ብዙ ጊዜ የጎደለው አንድ ክሊፕ ወይም አንድ ብሎን ነው። ቀዳዳው ከሰፋ ሰፊ ሮንዴላ ከፊትም ከኋላም ያድርጉበት፤ ጭነቱን ሰፊ ቦታ ላይ ያሳርፈዋል። ስንጥቅ ካለ ደግሞ በስንጥቁ ጫፍ ላይ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር የሆነች ትንሽ ክብ ቀዳዳ ያስበሱ። ስንጥቅ ሹል ጫፉን ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ ክብ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ በኋላ በሥርዓት በቀጭን ሽቦ የተሰፋ ፓራውልት ነውር የለበትም፤ ብዙ ዓመት ያገለግላል።

*የጭቃ መከላከያ ጎማና የፓራፋንጎ ውስጥ ሽፋን።* እነዚህ ሲላሉ ድምፃቸው ትንሽ ነው፤ አደጋቸው ግን ጎማው ላይ ነው። መሪ ሙሉ በሙሉ ሲዞር የላላው ፕላስቲክ ጎማውን ይነካል፣ ያፍቀዋል። መሪውን ወደ ሁለቱም ጫፍ እያዞሩ በባትሪ ይዩ። የሚያብረቀርቅ የተፋቀ መስመር ካዩ ዛሬውኑ ይታሰር።

*ሰሌዳ።* ሰሌዳ መጥፋት ማለት የፖሊስ ማስረጃ፣ ወረፋና የሥራ ቀን ማጣት ማለት ነው። የሚንኳኳ ሰሌዳ ከጀርባው ትንሽ የጎማ ቁራጭ ሲደረግለት ድምፁ ይጠፋል፣ ቀዳዳውም አይሰፋም። የሰሌዳውን መብራት አብረው ይፈትሹ፤ ለዓመታዊ ምርመራና ለቦሎ ሲሄዱ ይጠየቃል።

*ተቀያሪ ጎማ።* ከኋላ በር ላይ የሚንጠለጠል ጎማ ከ20 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። በሩ ሲከፈት ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ወይም ሲዘጋ ከፍ አድርገው መግፋት ካስፈለገዎ፣ የላላው የጎማው ብሎን ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የበሩን ማጠፊያም ያሳዩ። ከሥር በሰንሰለት የሚንጠለጠል ከሆነ በዓመት ሁለት ጊዜ ያስወርዱት። ሰንሰለቱ በጭቃ ውስጥ ዓመት ሙሉ ይቆያል፤ መዝጋቱ የሚታወቀው ደግሞ ሲበጠስ ወይም መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳ አልወርድም ሲል ነው።

ምን ይግዙ፣ ምን ይተዉ?

ለአብዛኛው ሥራ 10፣ 12 እና 14 ቁጥር ቁልፍ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የብርጭቆ ወረቀትና ትንሽ ጣሳ አንቲረስት ይበቃል። ብሎን ሲገዙ የቀድሞውን ይዘው ይሂዱ፤ ርዝመቱና ውፍረቱ ብቻ ሳይሆን የጥርሱ ስፋትም መግጠም አለበት። ትክክለኛ ብሎን ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዙሮች በጣት ይገባል። በጣት ካልገባ አይግፉት።

ለሚንቀጠቀጥ ቦታ ውስጡ የፕላስቲክ ቀለበት ያለውን ዳዶ ይምረጡ፤ ቀለበቱ ጥርሱን አንቆ ይይዘዋል። ዳዶ መግጠም በማይቻልበት ደግሞ የብሎን ማጣበቂያ ፈሳሽ አለ፤ ሰማያዊው ዓይነት በኋላ በተራ ቁልፍ ስለሚፈታ ለእኛ ሥራ ተስማሚ ነው። በፕላስቲክ ላይ ግን አይጠቀሙበት፤ ሊያሰነጥቀው ይችላል።

የተጣበቁ ጌጦችና የጎን መከላከያ ፕላስቲኮች ሲነቀሉ ተራ ሙጫ አያስፈልግም። ባለ ሁለት ፊት የመኪና ፕላስተር አለ። ምሥጢሩ ጽዳት ላይ ነው፦ የድሮውን ሙጫ ጨርሶ ማንሣት፣ በአልኮል መጥረግ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ አጥብቆ መጫን። ሙሉ ጥንካሬውን እስኪይዝ ቢያንስ አንድ ቀን፣ ቢቻል እስከ ሦስት ቀን መኪናውን አያሳጥቡ።

ስለ ሲሊኮን አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በየሱቁ የሚሸጠው ሲጨመቅ የአቼቶ ሽታ ያለው ሲሊኮን ለመታጠቢያ ቤት ጥሩ ነው፤ ለባዶ ብረት ግን አይሆንም። ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ ብረቱን ያዝገዋል። ለመኪና ቦዲ ተብሎ የተሠራውን ማሸጊያ ይጠይቁ። ከምንም በላይ ግን ዝገት ላይ ማንኛውንም ነገር አይድፈኑ። የተደፈነ ዝገት አይሞትም፤ እርጥበቱን ይዞ ከሥር ይሠራል።

ሲያጠብቁም ልክ አለው። 10 ቁጥር ቁልፍ የሚፈታው ብሎን ቀጭን ነው። በአጭር ቁልፍ፣ በእጅ አንጓ ኃይል ብቻ ጠብቆ ከቆመ በኋላ ጥቂት መጨመር ይበቃል። ሙሉ ክንድ ከተጠቀሙ ጥርሱን ይበሉታል፤ የመጀመሪያው ዓይነት የነበረው ችግር ሁለተኛው ይሆናል።

ጋራዥ ሲሄዱ

ሦስተኛው ዓይነት ችግር የባለሙያ ነው። ቢሆንም ባለቤቱ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። እነዚህን መጠየቅ አለማመን አይደለም፤ ጥሩ ባለሙያ ደስ ይለዋል።

በመጀመሪያ፣ ከመደፈኑ በፊት ያሳዩኝ ይበሉ። ስቱኮና ቀለም ከተቀባ በኋላ ጥሩ ሥራና መጥፎ ሥራ አንድ ይመስላሉ። ዝገቱ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ መነሣቱንና አዲሱ ላሜራ የተበየደው ጤነኛ ብረት ላይ መሆኑን በዓይንዎ ይዩ፤ ፎቶ ያንሡ።

ቀጥሎ፣ ከብየዳ በፊት የባትሪው ገመድ መፈታቱን ያረጋግጡ፤ የመኪናውን ኤሌክትሪክ ዕቃዎች ከጉዳት ያድናል። ከብየዳው በስተጀርባ ያለው የጣሪያ ጨርቅና ምንጣፍም መነሣት አለበት፤ በቀላሉ ይቃጠላል።

በመጨረሻም፣ ከውስጥ በኩልስ አንቲረስት ተቀብቷል ወይ ብለው ይጠይቁ። ብየዳ የነካው ብረት የውስጥ ቀለሙ ተቃጥሏል። ከውጭ ብቻ ከተቀባ ከሁለት ክረምት በኋላ እንደገና ይመለሳሉ፤ ያን ጊዜ ሒሳቡን ሁለቴ ይከፍላሉ።

መንገድ ላይ ቢላላስ?

መንገድ ላይ ሽቦና ገመድ ኃጢአት አይደሉም። ኃጢአቱ ከተመለሱ በኋላ መርሳት ነው። አንድ ነገር መላላቱን ከተጠራጠሩ ከመንገዱ በደንብ ወጥተው ይቁሙ፣ የአደጋ መብራት ያብሩ፣ ማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ ያስቀምጡ፣ ልጆቹን ከመንገዱ ራቅ ያድርጉ። ዕቃው የሚነቀል ከሆነ ነቅለው ውስጥ መጫን ከማሰር ይሻላል። የማይነቀል ከሆነ አስረው በዝግታ እስከ ቀጣዩ ከተማ ብቻ ይሂዱ። ከጣሪያ ላይ ጭነት ካለ መጀመሪያ ጭነቱ ይውረድ።

የጠበቀ ነገርም ሁለተኛ ጊዜ መታየት አለበት። አዲስ የታሰረ ብሎን በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ትንሽ ይረግጋል፣ ይላላል። ወደ ደቡብ የሚሄዱ ከሆነ ሞጆ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሻይ ለመጠጣት ሲወርዱ ቁልፉን ይዘው አንድ ጊዜ መኪናውን ይዙሩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ዛሬ ባለው የመኪና ዋጋ ብዙዎቻችን ይዘነው የምንቆየው ያለንን መኪና ነው። አባቶቻችን የገዙትን ልጆቻችን ይሳፈሩበታል። ማርጀቱ አያሳፍርም፤ ሃያ ዓመት ያገለገለ ነገር ቢንኳኳ አይገርምም። ለእሱ የሚገባው ግን በየበዓሉ አንድ ዙር ከማጥበቅ የበለጠ ነው። ብሎኑን ፈትቶ፣ ከሥሩ ያለውን አይቶ፣ ደህናውን ደህና፣ ያለቀውን ያለቀ ብሎ መለየት ነው። ከመኪናው ወረቀት ጋር አንዲት ትንሽ ደብተር ያኑሩ፤ የቱ መቼ እንደታሰረ፣ የቱ መቼ እንደተበየደ ቀኑን ይጻፉባት። ቁልፉን ነገ የሚረከበው ልጅ ያመሰግንዎታል።